«ትሮፒካል ዳያል» ምንድን ነው?

ምርታቸው ከቆመ ውድ ሰዓቶች መካከል ቡናማ ዳያል (ቁጥሮቹና ምልክቶቹ ያሉበት የሰዓት ፊት) ያለው አንድ ሰዓት ለገበያ በቀረበ ቁጥር «ፋብሪካው በጥቂቱ ያወጣው ብርቅ ቀለም» የሚለው ማብራሪያ ይከተለዋል። በቅርቡም አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ከብረት የተሠራው የሮሌክስ ጂኤምቲ ማስተር ሰዓት፣ የሞዴል ቁጥሩ 1675 የሆነው፣ በጥቁርም በቡናማም ዳያል ይሠራ ነበር ብሎ በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ አነበብኩ። ከፋብሪካው ቡናማ ሆኖ የወጣው ግን የወርቁና ወርቅና ብረት የተቀላቀለበት 1675 ነው፤ እርሱ ደግሞ ትሮፒካል አይባልም።

ትሮፒካል የሚባለው ጥቁር ሆኖ ተሠርቶ፣ ቀለሙና በላዩ ያረፈው ቫርኒሽ ለዓመታት የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ሙቀትንና እርጥበትን መቋቋም ተስኗቸው ወደ ቡናማ የተለወጠ ዳያል ነው። ለሐዘን ጥቁር የተነከረ ልብስ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ጥቁሩ እየለቀቀ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ይህን አይቶ ሸማኔው ቡናማ አድርጎ ሠራው የሚል ሰው የለም። ትከሻው ላይ እኩል የለቀቀው ቀለም ጫፉ ላይ ካለው የጭቃ እድፍ ጋር አይምታታም፤ ስፌቱ ሲተረተርም ከእጥፋቱ ሥር የመጀመሪያው ጥቁር ይገኛል። ዳያሉም እንዲሁ ነው፤ ሰዓት ሠሪ ከሰዓቱ አካል ውስጥ ሲያወጣው፣ በብረቱ ጠርዝ ተከልሎ ብርሃን ያላገኘው ቀጭን የዳር ክብ ብዙ ጊዜ ጥቁር እንደሆነ ይታያል። ስለዚህ ውሃ ገብቶበት የተዥጎረጎረውን ወይም ቀለሙ የተላላጠውን ሁሉ ትሮፒካል ብሎ መሸጥ ገዢን ማሳሳት ነው፤ ሆን ብሎ ጥቁሩን በሙቀት ወደ ቡናማ መለወጥ እንዳለም መታወቅ አለበት።

ለውጡ መላውን ዳያል ላይነካም ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2000 በተመረተው የሮሌክስ ሞዴል፣ ዳይቶና 16520፣ በተለይ በ1990ዎቹ አጋማሽ በወጡት አንዳንድ ጥቁር ዳያሎች ላይ፣ ቡናማ የሆኑት በዳያሉ ውስጥ ያሉት የትንንሾቹ መቁጠሪያ ክቦች የብር ቀለም ቀለበቶች ብቻ ናቸው፤ ምክንያቱም የተቀቡት ዛፖን የተባለው ቫርኒሽ ብሩን በበቂ ሁኔታ አልከለለውም። ዛሬ ይህ ዓይነት ዳያል በጨረታ ባለሙያው በኦስቫልዶ ፓትሪዚ ስም ይጠራል። በ1980ዎቹ የተሠራው የሌላው የሮሌክስ ሞዴል፣ የኤክስፕሎረር ሁለት 16550፣ አንዳንድ ነጭ ዳያሎችም ወደ ክሬም የተለወጡት በቀለሙ ጉድለት እንጂ በፋብሪካው ምርጫ አይደለም።

ምርጫ ቢሆን ኖሮ፣ ለጥገና የተላኩ ቡናማ ዳያሎች በአዲስ ጥቁር ዳያል እየተተኩ ባልተመለሱ ነበር። ዛሬ ብርቅ የሆኑትም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠርዙን አያለሁ ብሎ ሰዓቱን በራስ እጅ መክፈት ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊት በተሠሩት ላይ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ብዙውን ጊዜ ራዲየም ስላለበት፣ እየተፈረፈረ የሚወጣው ብናኝ ወደ ሳንባ ከገባ ለጤና አደገኛ ነው፤ ሥራው ጥንቃቄውን ለሚያውቅ ሰዓት ሠሪ ይተው።