ስለ ጂአርኢ ቨርባል ክፍል የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሜሪካ ሄዶ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ለመማር ለሚያስብ ሰው የጂአርኢ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ቨርባል፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ቃላትና ንባብ ክፍል የሚያስፈራ ነው። ፍርሃቱ አይገርምም። የሚገርመው ብዙው ዝግጅት በወሬ መመራቱ ነው።

«ሦስት ሺህ ቃል የሸመደደ ያልፋል»

ሲጀመር ማለፍና መውደቅ የሚባል ነገር የለም። ነጥቡ ከ130 እስከ 170 ነው፤ ስንት እንደሚበቃ የሚያየው የምታመለክቱበት ትምህርት ክፍል ነው። ቃላት ማወቅ ይጠቅማል፣ አይካድም። ነገር ግን ቃልን ለብቻው ነጥለው የሚጠይቁት የተቃራኒና የዝምድና ጥያቄዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ቀርተዋል። ከቴሌግራም ያወረዳችሁት መጽሐፍ አሁንም እነሱን የሚያስጠና ከሆነ ዝጉት።

አሁን የሚፈተነው የዓረፍተ ነገሩን አካሄድ መከተል መቻላችሁ ነው። «ዳኛው ችሎት ላይ ____ ቢመስሉም፣ ቤተሰባቸው ግን ቁጡነታቸውን ያውቃል» ቢባል፣ «ቢመስሉም» የምትለዋ ቃል የቁጡ ተቃራኒ እንደሚፈለግ ትናገራለች። ስለዚህ ምርጫዎቹን ሳታዩ ባዶውን በራሳችሁ ቃል ሙሉት። «ታጋሽ» ካላችሁ በኋላ ለእሱ የሚቀርበውን ፈልጉ። ከምርጫዎቹ ከጀመራችሁ ግን ሁሉም ልክ መምሰል ይጀምራል።

«ሁለት መልስ የሚመረጥበት ጥያቄ ተመሳሳይ ቃላትን ማጣመር ነው»

በዚህ ጥያቄ ባዶውን የሚሞሉ ሁለት ቃላት ከስድስት ምርጫዎች ይመረጣሉ። ከስድስቱ መካከል ግን እርስ በርስ ተመሳስለው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የማይገቡ ጥንዶች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱን ብቻ ማግኘት ደግሞ ምንም ነጥብ አያሰጥም።

«ምንባቡ ከሙያዬ ከመጣ ተገላገልኩ»

ጎበዞች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። የቨርባል ግማሽ ያህሉ የንባብ ጥያቄ ነው። የግብርና ምሩቅ ስለ አፈር መሸርሸር የሚያወራ ምንባብ ሲገጥመው፣ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ነገር ምርጫዎቹ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያገኘዋል፤ ደስ ብሎት ይመርጠዋል። ነገሩ እውነት ቢሆንም ምንባቡ ካላለው መልሱ ስሕተት ነው። ጸሐፊው «አንዳንዴ» ያለውን «ሁልጊዜ» የሚያደርግ ምርጫም እንዲሁ። «ይህን የቱ መስመር ላይ አለ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ መስመሩን ማሳየት ካቃታችሁ መልሱን ተዉት።

«ፈተናው በየጥያቄው ስለሚለዋወጥ ወደ ኋላ አይመለሱም»

ክብደቱ የሚለዋወጠው በክፍል ነው፤ ቨርባል ራሱ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ ይሠራል። የመጀመሪያውን በደንብ ከሠራችሁ ሁለተኛው ይከብዳል፤ ሲከብድ አትደንግጡ። በአንድ ክፍል ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ምልክት አድርጎ ማለፍና መመለስ ይቻላል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፣ ስለዚህ ባዶ አትተዉ።

«የልምምድ ፈተና በበዛ ቁጥር ነጥብ ይጨምራል»

ሳይመረመር የታለፈ ፈተና ብዙ አያስተምርም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ በነጻ የሚሰጣቸውን ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በአንድ ሳምንት አትጨርሷቸው። ለእያንዳንዱ ስሕተት ምክንያቱን ጻፉ፦ ቃሉን ስላላወቃችሁ ነው? የዓረፍተ ነገሩን መታጠፊያ ስለሳታችሁ? ወይስ ምንባቡ ያላለውን ስለጨመራችሁ? የቃላት ዝርዝር የሚጠቅመው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ፈተናውን ለመድገም ቢያንስ 21 ቀን መጠበቅ ግድ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ በየትኛው ላይ እንደምታውሉት የሚነግራችሁ ይኸው ማስታወሻ ነው።