የፊዚክስና የኬሚስትሪ የቤት ሥራ ጥያቄዎች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የፊዚክስና የኬሚስትሪ የቤት ሥራ ጥያቄ ማለት ተማሪው በክፍል የተማረውን ሕግ ከተሰጡት መጠኖች ጋር አገናኝቶ ያልተሰጠውን መጠን እንዲያገኝ የሚጠይቅ አጭር የጽሑፍ ችግር ነው። በመማሪያ መጻሕፍት በየምዕራፉ መጨረሻ በመልመጃነት ተደርድሮ ይገኛል። አሠራሩም ሥርዓት አለው፤ የተሰጠው ይጻፋል፣ የሚፈለገው ይለያል፣ ቀመሩ ይመረጣል፣ ቁጥሮቹ ከነመለኪያቸው ይተካሉ። ይህ ቅደም ተከተል ለአንዳንድ ተማሪዎች አሰልቺ ቢመስልም፣ ስህተት የት ቦታ ላይ እንደገባ ለማየት ከእርሱ የተሻለ መንገድ እስካሁን አልተገኘም።

ጥያቄዎቹ የሚገልጹት ተፈጥሮን እንዳለች ሳይሆን ሆን ተብሎ የተቃለለችውን ተፈጥሮ ነው። «ሰበቃ የለም»፣ «የአየር መቋቋም ከግምት አይገባም»፣ «አጸግብሮቱ (ኬሚካላዊ ለውጡ) ሙሉ በሙሉ ይካሄዳል» የሚሉት ሐረጎች የጥያቄው ማሳመሪያ ሳይሆኑ መልሱ አንድ ብቻ እንዲሆን የሚያደርጉ ስምምነቶች ናቸው።

በፊዚክስ በኩል ሰፊውን ቦታ የያዘው የእንቅስቃሴ ጥናት ነው። ጋሊሊዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተሙት ሥራ ከዕረፍት ተነሥቶ የሚወድቅ አካል የሚጓዘው ርቀት ከጊዜው ካሬ ጋር እንደሚመጣጠን አሳይተዋል፤ አይዛክ ኒውተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1687 ጉልበትን፣ መጠነ ቁስንና ሽምጠጣን (ፍጥነት በጊዜ የሚለወጥበትን መጠን) የሚያስተሳስሩትን ሕጎች አቅርበዋል። ዛሬ በየደብተሩ የሚሠሩት የእንቅስቃሴ ጥያቄዎች መሠረታቸው እነዚህ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ከ45 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት እስኪደርስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል የሚለውን እንውሰድ። የስበት ሽምጠጣው 10 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው ከተባለ መልሱ ልክ 3 ሰከንድ ይሆናል፤ 9.8 ከተባለ ግን የሒሳብ ማሽኑ 3.030458 ያህል ያሳያል። ትክክለኛው የትኛው ነው በሚለው ላይ መምህራን ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1901 የክብደትና የመለኪያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ 9.80665ን መደበኛ እሴት አድርጎ የተቀበለ ሲሆን፣ ትክክለኛው መጠን ግን ከምድር ወገብ አካባቢ ወደ 9.78፣ በዋልታዎች ደግሞ ወደ 9.83 ይጠጋል። ከፍታው በሁለት ጉልህ አሃዞች (የልኬቱን ትክክለኛነት በሚያሳዩ አሃዞች) ብቻ ስለተሰጠ መልሱም በሁለት አሃዞች ሊጻፍ ይገባል፤ እንዲህ ሲደረግ ሁለቱም ወገኖች 3.0 ሰከንድ ላይ ይገናኛሉ። ጉልህ አሃዞችን በትጋት የሚያስተምር መምህር ብዙ አላስፈላጊ ክርክር ያስቀራል።

ከእንቅስቃሴ ቀጥሎ ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተሙት፣ ቮልቴጅን፣ የኤሌክትሪክ ጅረትንና መቋቋምን በሚያገናኘው ሕግ ላይ የተመሠረቱ የኤሌክትሪክ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ስለ ሙቀት፣ ስለ ብርሃንና ስለ ሞገድ የሚቀርቡትም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

የኬሚስትሪ ጥያቄዎች ታሪክ ከዚህ የበለጠ ውጣ ውረድ ያለበት ነው። አንትዋን ላቯዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 መጠነ ቁስ በአጸግብሮት ውስጥ እንደማይጠፋና እንደማይፈጠር በግልጽ ቢጽፉም፣ የአቶሞች አንጻራዊ ክብደት እስኪወሰን ድረስ አንድ ወጥ መልስ ያለው የኬሚስትሪ ስሌት ማዘጋጀት አዳጋች ነበር። የውሃ ሞለኪውል አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አለው ብሎ የሚያሰላ ለኦክስጅን 8 የሚለውን ክብደት ሲይዝ፣ ሁለት ሃይድሮጅን አለው የሚለው 16ን ይይዝ ነበር። አሜዴዮ አቮጋድሮ እ.ኤ.አ. በ1811 መፍትሔውን ጠቁመው ነበር፤ ሆኖም ሐሳባቸው ተገቢውን ሰሚ ያገኘው ስታኒስላኦ ካኒዛሮ እ.ኤ.አ. በ1858 ካብራሩትና በ1860 በካርልስሩኸ በተካሄደው የኬሚስቶች ጉባኤ ላይ ካስረዱት በኋላ ነው። ሞል እ.ኤ.አ. በ1971 ከዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት መሠረታዊ መለኪያዎች ሰባተኛው ሆነ፤ ከግንቦት 20 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ 6.02214076 × 10²³ ቅንጣቶችን የያዘ መጠን ተብሎ ይተረጎማል።

የሞል ጥቅም በምሳሌ ሲታይ ይጎላል። 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ40 ግራም ኦክስጅን ጋር ቢቃጠል ስንት ግራም ውሃ ይገኛል? ችኩል ተማሪ ሁለቱን ደምሮ 44 ይላል። አንድ ሞል የሃይድሮጅን ሞለኪውል 2 ግራም፣ የኦክስጅን 32 ግራም፣ የውሃ ደግሞ 18 ግራም መሆኑን ይዞ ወደ ሞል የቀየረው ግን 2 ሞል ሃይድሮጅንና 1.25 ሞል ኦክስጅን እንዳለው ያያል፤ 2 ሞል ሃይድሮጅን የሚፈልገው 1 ሞል ኦክስጅን ብቻ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው ሃይድሮጅኑ ነው። ስለዚህ 2 ሞል ወይም 36 ግራም ውሃ ይገኛል፣ 8 ግራም ኦክስጅንም ይተርፋል። 36 እና 8 ሲደመሩ 44 መሆናቸው የላቯዚዬን ሕግ ከማረጋገጡም በላይ ሥራውን ለማጣራት ያገለግላል።

በጋዝ ጥያቄዎች ላይ እስከ ዛሬ ያልጠራ አለመግባባት አለ። አንድ ሞል ጋዝ በመደበኛ ሁኔታ 22.4 ሊትር ይዘት አለው የሚለው ልማድ ግፊቱን 101.325 ኪሎፓስካል አድርጎ የሚወስድ ነው። የንጹሕና ተግባራዊ ኬሚስትሪ ዓለም አቀፍ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1982 መደበኛውን ግፊት ወደ 100 ኪሎፓስካል ስላወረደው፣ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ይዘቱ 22.7 ሊትር ሆኗል። በርካታ መጻሕፍት ግን አሮጌውን ቁጥር ይዘው ቀጥለዋል፤ ስለዚህ ጠያቂው ግፊቱንና መጠነ ሙቀቱን ለይቶ መጻፍ ይኖርበታል።

የቤት ሥራው ምን ያህል ያስተምራል የሚለውም ተጠንቷል። ሚሼሊን ቺና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ጀማሪዎች ጥያቄዎችን በሚታየው ነገር፣ ለምሳሌ «ዘንባላ ወለል» ወይም «ሞላ» ብለው ሲመድቡ፣ ባለሙያዎች ግን እንደ ኃይል አለመጥፋት ባሉ መርሆች መመደባቸውን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 በኬሚስትሪ ላይ የወጣ ጥናትም የጋዝ ስሌትን በትክክል ከሠሩት ተማሪዎች ብዙዎቹ ስለ ሞለኪውሎቹ በሥዕል ሲጠየቁ መቸገራቸውን አመልክቷል። ሦስት ማዕዘን ሥሎ፣ የቀመሩን ሦስት መጠኖች በውስጡ ጽፎ የሚፈለገውን በጣት መሸፈን የመሰለውን የቀመር ማስታወሻ የሚነቅፉ መምህራን እነዚህን ውጤቶች ይጠቅሳሉ፤ የሚደግፉት ደግሞ በአልጀብራ ለሚደክም ተማሪ መነሻ ይሆናል ይላሉ። ይሁንና የመጀመሪያዎቹ ክርክር የጠነከረ ይመስላል።

ስለዚህ ከስሌት ጥያቄዎች ጎን ቁጥር የሌላቸውን መስጠት እየተለመደ መጥቷል። ከእነዚህ አንዱ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ከፍታው ጫፍ ላይ ለቅጽበት ሲቆም ሽምጠጣው ስንት ነው የሚለው ሲሆን፣ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ ሽምጠጣውም ዜሮ ነው የሚል መልስ በብዛት ይሰጣል። ሽምጠጣው በዚያችም ቅጽበት ወደ ታች 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው፤ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ፍጥነቱ ሊለወጥ ስለማይችል ኳሱ ባለበት ይቀር ነበር።