ስለ ኩላሊት ጠጠር የሚባለውና እውነታው

አዘዞ የምትኖረው አክስቴ ጠጠር ሲመላለስባት የ24 ሰዓት ሽንቷ ተመርምሮ ካልሲየሙ በዝቶ ተገኘ። ውጤቱን ይዤላት ስሄድ ምስር እየለቀመች ነበር። ከሰፌዱ ላይ አንዲት ድንጋይ በሁለት ጣቷ አንስታ «ይኸው ጉዴ! ስንቱን ውጬው ይሆን?» አለችኝ። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነውና እንዲህ ያለውን በየቀኑ እሰማለሁ። ደጋግሜ የምመልሳቸውን ልጻፋቸው።

«ከእህል ጋር የተዋጠ ጠጠር ኩላሊት ውስጥ ይጠራቀማል»

ያሳሳተን ስሙ ነው። ከምስር ጋር የተዋጠች ድንጋይ አንጀት ለአንጀት ሄዳ ከሰገራ ጋር ትወጣለች፤ ወደ ኩላሊት የሚያደርሳት መንገድ የለም። የኩላሊት ጠጠር የሚሠራው ሽንት ውስጥ ሟሙተው የነበሩ ነገሮች ሲበዙ ወይም ውሃው ሲያንሳቸው እዚያው ረግተው ነው። ከአሥር ጠጠር ስምንቱ ያህል ካልሲየም አለበት፤ በብዛት የሚገኘውም ካልሲየም ከኦክሳሌት ጋር የተጣበቀበት ነው፤ ኦክሳሌት እንደ ቆስጣ ባሉ ምግቦች ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው።

«ካልሲየም በሽንት ከበዛ ወተትና እርጎ ማቆም ነው»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ አክስቴም እርጎዋን ለልጅ ልጆቿ አሳልፋ ሰጥታ ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ከምግብ ጋር የገባ ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌቱን ይይዘውና ተያይዘው በሰገራ ይወጣሉ። ካልሲየሙ ሲቀር ያዥ ያጣው ኦክሳሌት ወደ ደም ገብቶ ሽንት ላይ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የጣሊያን ጥናት ካልሲየም በሽንታቸው የበዛና ጠጠር የተመላለሰባቸውን 120 ወንዶች ለ5 ዓመት ተከታትሏል። 60ዎቹ ካልሲየም ቀነሱ፤ የቀሩት 60 ካልሲየሙን ሳይነኩ ጨውና ሥጋ ቀነሱ። ጠጠሩ ከመጀመሪያዎቹ በ23ቱ፣ ከሁለተኛዎቹ በ12ቱ ላይ ተመለሰ። በዚያ ላይ በሽንት የሚፈሰው ካልሲየም በምግብ ካልተተካ የሚጎዳው አጥንት ነው።

ጾም ሲገባስ? እርጎው ይቀራል፣ ቆስጣው ይበዛል። ቆስጣ ኦክሳሌት የሞላበት ቅጠል ነው። የአበሻ ጎመን ግን ኦክሳሌቱ ትንሽ፣ ካልሲየሙ ደህና ነው። ስለዚህ ጠጠር የሚመላለስበት ሰው ገበያ ሲወጣ እጁን ወደ ጎመኑ ቢዘረጋ ይሻለዋል። ጤፍም ካልሲየም አለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ደግሞ ከዚያ በኋላ እስከ መኝታው ድረስ በደንብ ይጠጣ።

«ጨው ለደም ግፊት እንጂ ለጠጠር ምን አገባው?»

በጣም ያገባዋል። ኩላሊት ጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሲያስወጣ ካልሲየምም አብሮት ይወጣል፤ ጨው በበዛ ቁጥር የሽንቱ ካልሲየም ይጨምራል። አክስቴን «ጨው ቀንሺ» ስላት «ቆንጠር ነው የማደርገው!» ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው፤ ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም ሲፈጭ ገብቶበታል። ቆንጠሯ ሦስተኛ ዙር ናት።

«ሽንት ምርመራ ላይ ክሪስታል ታየ፤ ጠጠር አለብኝ ማለት ነው»

አይደለም፤ ክሪስታል፣ ማለትም ሽንት ውስጥ የረጋ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ቅንጣት፣ ጤነኛ ሰው ሽንት ላይም ይታያል። ካልሲየም መብዛት አለመብዛቱ የሚለካው የ24 ሰዓት ሽንት ተጠራቅሞ ነው፤ የመጀመሪያው የጠዋት ሽንት ይደፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ፣ የማግስቱ የጠዋት ሽንት ጭምር፣ ይጠራቀማል። በተለመደው መለኪያ ለሴት ከ250፣ ለወንድ ከ300 ሚሊግራም ካለፈ በዛ ይባላል። አክስቴ ጄሪካኗን አልጋ ሥር ደብቃ ነበር፤ «እንግዳ መጥቶ ጠላ መስሎት ቢቀዳስ?» ትላለች። የደም ካልሲየምም አብሮ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ደም ላይ ልኩን ጠብቆ ሽንት ላይ ብቻ ይበዛል፤ ደም ላይም ከበዛ ግን አንገት ላይ ያሉት፣ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች መመርመር አለባቸው።

«ወገቤን ካመመኝ ኩላሊቴ ነው»

ብዙውን ጊዜ የጡንቻ ሕመም ነው። ካልሲየም በሽንት መብዛቱ ራሱ አያምም፤ ኩላሊት ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጠጠርም ብዙ ጊዜ አያሳምም። ጠጠር ወደ ሽንት ቱቦ ሲወርድ ግን ከጎን ተነስቶ እስከ ብሽሽት እየመጣ እየሄደ ያንገበግባል፣ ያስታውካል፣ ሽንትም ሊደማ ይችላል።

«ቢራ ጠጠር ይገፋል»

ሽንት ያበዛል እንጂ አይገፋም። ሽንት ለማብዛት ውሃ ይበቃል፤ ጠጠር ለሚመላለስበት ሰው ግቡ በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት መሽናት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ለመጠጥ የሚሆነውን ለብቻ ማስቀመጥ ይቻላል። ጀበናው ውስጥ ነጭ ነገር ይጋግራል ብሎ የቧንቧ ውሃ የሚፈራም አለ፤ የሚያስፈራው ውሃው ሳይሆን ጥቂት መጠጣቱ ነው።

«የሚያሟሟ መድኃኒት ስጠኝ»

መስኮታችን ላይ በየሳምንቱ የሚጠየቅ ነው። በዩሪክ አሲድ የተሠራ ጠጠር በመድኃኒት ሊሟሟ ይችላል፤ የካልሲየሙ ግን አይሟሟም። ከ5 ሚሊሜትር ያነሰው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። ሐኪም የሚያዛቸው እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት ኪኒኖች በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ይቀንሳሉ እንጂ ያለውን ጠጠር አያሟሙም፤ ደግሞም ፖታሲየም ስለሚቀንሱ ያለ ክትትል አይወሰዱም። ሕመሙ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ ግን እኛ ጋ ሳይሆን ያኔውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ነው።