መጀመሪያ መክሳት ወይስ መድን መግባት? ጨጓራ ስለሚያስቆርጡ ሰዎችና ስለ ሕይወት መድን የሚነገሩ ስህተቶች

ድሬ ላይ "ኢንሹራንስ" ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው መኪናው ነው። ባጃጅ፣ አይሱዙ፣ ሦስተኛ ወገን። የሕይወት መድን ብዬ አፌን ስከፍት "አቦ ተው፣ ሞት አትጥራብኝ" የሚለኝ ብዙ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ራሱ ፈልጎኝ የሚመጣ ደንበኛ አግኝቻለሁ። ውፍረቱ አስቸግሮት ጨጓራውን ሊያስቆርጥ የተነሳ ሰው። ወይ ለቱርክ ትኬት ቆርጧል፣ ወይ ጨርሶ ተመልሷል። ጥያቄው አንድ ነው፤ መድኑን በፊት ልግባ ወይስ በኋላ?

ጥያቄው ጥሩ ነው። ያስቸገረኝ አብሮት የሚመጣው ወሬ ነው። ግማሹ በርጫ ላይ የተሰማ፣ ግማሹ ቲክቶክ ላይ የታየ።

"መጀመሪያ ልክሳ፣ ከዚያ በርካሽ እገባለሁ"

ይሄን ያለችኝ ታይዋን ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ደንበኛዬ ናት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65፣ ኪሎዋ 130 ነበር። ጨጓራዋን ባስቆረጠች በ4ኛ ወሯ ቢሮ መጣች። ቀሚሷን ወገቧ ላይ በእጇ ጨብጣ ስፋቱን እያሳየችኝ፣ "ሚዛን አምጣ፣ አሁኑኑ ልቁምልህ" አለች።

ሚዛኑ አልጠቀማትም። አሜሪካና እንግሊዝ ያሉ የሕይወት መድን ድርጅቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 6 ወር፣ ብዙ ጊዜም 1 ዓመት ጠብቁ ይላሉ። እኛም ጋ ከበድ ያለ ጉዳይ ወደ ጠለፋ መድን ሰጪዎች (መድን ድርጅቶችን ራሳቸውን መድን ወደሚያስገቡት) ስለሚላክ የእነሱ አካሄድ እዚህ ድረስ ይመጣል። ደግሞም ያለ ምክንያት አይደለም። የተሰፋው ጨጓራ ሊያፈስ ይችላል። ቶሎ የከሳ ሰው የሐሞት ጠጠር ሊይዘው ይችላል። ኪሎው ራሱ ገና አልረጋም፤ እስከ ዓመት ከመንፈቅ ሊወርድ፣ ከዚያ የተወሰነው ሊመለስ ይችላል።

ሌላም አለ። ባለፈው 1 ዓመት ውስጥ ከቀነሰው ኪሎ ግማሹን መልሰው የሚደምሩ አሉ። ደንበኛዬ ዓመት ሳይሞላት 90 ኪሎ ደርሳ መጣች እንበል። 40 ቀንሳለች፣ ግማሹ 20 ነው። ስለዚህ በእነሱ ወረቀት ላይ 110 ኪሎ ናት። ኪሎን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ቢኤምአይ የሚሉት ቁጥር በ130 ኪሎዋ 48 ገደማ ነበር፣ በ90 ኪሎ 33 ይሆናል። እነሱ ግን 40 ብለው ነው የሚያዩት። ይሄን ስነግራት፣ "የበላሁትን ነው ወይስ ያልበላሁትን የሚያስከፍሉኝ?" አለችና ሁለታችንም ሳቅን።

"እንግዲያው በፊት ልግባና ቀጠሮዬን አልናገር"

እዚህ ጋ ሳቁ ይቆማል።

ፎርሙ የሚጠይቀው ያለፈውን ቀዶ ሕክምና ብቻ አይደለም። ሐኪም ያዘዘው ወይም እናንተ ያሰባችሁት፣ ገና ያልተደረገ ሕክምና እንዳለም ይጠይቃል። ትኬት ቆርጦ፣ ለሆስፒታሉ ቀብድ ልኮ "የለም" ላይ ምልክት ማድረግ ውሸት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በቁጥር 667 መድን ገቢው የሚያውቀውንና አደጋውን ለመመዘን የሚረዳውን ነገር ሁሉ በትክክል እንዲናገር ያዛል። ቁጥር 668 ደግሞ አውቆ ከደበቀ ወይም ከዋሸ ውሉ ዋጋ የለውም ይላል። ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው እንዲህ አይቀጣም፤ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ሊቀነስ ይችላል።

"ማን ያውቃል?" ይሉኛል። መቼ እንደሚታወቅ ልንገራችሁ። ገንዘቡ የሚጠየቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። የሕክምና ማስረጃ አምጡ ይባላል። ካርዱ ላይ ስለ ውፍረቱ መጀመሪያ የታየበት ቀን አለ። ፓስፖርቱ ላይ ማህተም አለ። የደበቀው ሰው ቀርቦ "እንዲህ አስቤ ነው" አይል ነገር። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ የምትጠየቀው ሚስቱ ናት፣ እሷ ደግሞ ፎርሙን አይታው አታውቅም።

ታዲያ በፊት መግባት አይቻልም? ይቻላል። በፊት ማለት ግን ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ማለት ነው፤ ሐሳቡ ካለ ግን እሱም ፎርሙ ላይ ይጻፋል። ቀጠሮ የያዘን ሰው ብዙዎቹ መድን ሰጪዎች "ጨርሰህ ና" ነው የሚሉት። ልጆች ላሉት ወይም የባንክ ብድር ላለበት ሰው የምመክረው ዛሬ ባለው ኪሎ፣ የተጨመረበትን አረቦን (የመድኑን ክፍያ) እየከፈለ እንዲገባ ነው። ኋላ ከስቶ ሲረጋ ጭማሪው እንደገና ይታይልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ዋጋው ተወዷል ካለ ደግሞ መጠኑን አሳንሶ ይጀምር። አረቦን እስኪረክስ እየተባለ ቤተሰቡን 2 ዓመት ሜዳ ላይ ማስቀመጥ ለእኔ አይዋጥልኝም።

"ድሮ የገባሁትን ላቋርጥና እንደ አዲስ ልግባ"

አታቋርጡ። ስትገቡ እውነቱን ተናግራችሁ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ መወፈርም መክሳትም ጨጓራ ማስቆረጥም ፖሊሲውን (የመድን ውሉን) አያፈርሰውም። የሚያፈርሰው አረቦን አለመክፈል ነው። ከተቋረጠ በኋላ "ልቀጥል" ብትሉ የጤናው ጥያቄ ከሀ ይጀምራል። አዲሱ ፖሊሲ እጃችሁ ሳይገባ አሮጌውን አትልቀቁ።

"ጨጓራውን ያስቆረጠ ሰው ዕድሜው ያጥራል፣ ስለዚህ አይቀበሉትም"

ስሊቭ በሚባለው ዓይነት ከጨጓራው ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። ሰው ይሄን ሲሰማ መደንገጡ አይገርመኝም። ስዊድን ውስጥ ግን ከ4,000 በላይ ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ካላደረጉት ይልቅ 3 ዓመት ገደማ ዕድሜ አትርፈዋል። ከተራው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ግን አሁንም 5 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ያንሳቸዋል።

ሐኪሙ የሚያያት የመጀመሪያዋን ቁጥር ነው። መድን ሰጪው ሁለተኛዋን ያያል። ሁለቱም አልዋሹም። ጊዜው ካለፈና ክትትሉ ከተሟላ ይቀበላሉ፤ አረቦኑ ግን ቀጭን ሆኖ ከተወለደ ሰው ጋር እኩል ላይሆን ይችላል።

"ስኳሬ ጠፍቷል፣ ለምን እጽፈዋለሁ?"

አንድ የጀጎል ሰው ከሐረር ድረስ መጥቶ እንዲህ ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙ ሰው የስኳር መድኃኒቱን ያቆማል። ሐኪሞች ግን "ጋብ ብሏል" ይላሉ እንጂ "ድኗል" አይሉም፣ ኪሎ ሲመለስ አብሮ ሊመለስ ይችላላ። ስለዚህ መቼ እንደያዛችሁ፣ መድኃኒቱን መቼ እንዳቆማችሁ ጻፉ። የ3 ወር የስኳር መጠን የሚያሳየውን የደም ምርመራ አያይዙ። የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 ውጤትም ይጠቅማል፤ ጨጓራው የተቆረጠ ሰው ይሄን ዕድሜ ልኩን መከታተል አለበት። ያልተጻፈ ስኳር ጥርጣሬ ያመጣል፣ ከነውጤቱ የተጻፈ ግን ሊጠቅማችሁም ይችላል።

ባጭሩ የማልፋቸው

"የሕይወት መድኑ የቱርኩን ሒሳብ ይከፍልልኛል?" አይከፍልም። ያ የጤና መድን ጉዳይ ነው፣ የጤና መድንም ቢሆን ይሄን ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

"እድር አለኝ"፣ የሐረር ሰው ከሆነ ደግሞ "አፎቻ አለን"። አፎቻን እኔም እወዳለሁ፤ ለሰርግም ለሐዘንም ቀድሞ የሚደርስ እሱ ነው። ድንኳኑንና ቀብሩን ይችላል። የልጆቹን የ10 ዓመት ትምህርት ቤት ክፍያ ግን አይችልም፣ ለዚያ አልተቋቋመም።

"ወለድ ስላለበት አልገባም" ለሚሉኝ፣ ብሔራዊ ባንክ ታካፉልን፣ ማለትም ወለድ የሌለበትን እስላማዊ መድን፣ ፈቅዷል። ስለ ጤና መጠየቅ ግን እዚያም አለ።

የታይዋኗ ደንበኛዬ በዓመት ከ2 ወሯ ተመልሳ መጣች። 88 ኪሎ። ፌስታል ሙሉ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። የሆስፒታል መውጫ ወረቀቷን ሳነሳው ከላይ እስከ ታች ቱርክኛ ነው። እሷ አታነብ፣ እኔ አላነብ፣ ቬንትሌተሩ ሥር ተፋጠን ቀረን። (የምትሄዱ ሰዎች፣ ከመውጣታችሁ በፊት እንግሊዝኛውን ተቀበሉ።) ለሆስፒታሉ በዋትሳፕ ጻፈች፣ በ3ኛው ቀን መጣላት። ፎርሙን መሙላት ጀመርን። "የታሰበ ሕክምና አለ?" የሚለው ጋ ስንደርስ ትንሽ አሰበችና፣ "ጥርሴን ላስነቅል ነበር፣ እሱም ይጻፍ?" አለችኝ።

ጻፍነው።