የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የትናንሽ ጦር መርከቦች አዛዦች

ስለ ቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ሲወራ ቶሎ የምትነሳው «ኢትዮጵያ» የተባለችው ትልቋ መርከብ ናት። የየዕለቱ ጥበቃ ግን በቅኝት ጀልባዎቹና በወጣት አዛዦቻቸው ትከሻ ላይ ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኤርትራ በ1952 በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አገሪቱ ወደብ አገኘች። ባሕር ኃይሉም በ1955 ተመሠረተ። ዋና ሰፈሩ ምፅዋ፣ የመኮንኖች ኮሌጁ ደግሞ አሥመራ ነበር። በማደራጀቱና በማሠልጠኑ የኖርዌይ መኮንኖች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ትምህርቱ 52 ወር ይፈጃል፤ ቀላል አልነበረም። ዕጩ መኮንኑ ባሕረኛነትን የሚጀምረው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ደጋ ላይ ነው። ከዚያ ቁልቁል ወደ ምፅዋ ይወርዳል። በ1962 ከአሜሪካ የመጣችው «ኢትዮጵያ» የማሠልጠኛ መርከብም ነበረች።

እውነተኛው ፈተና ግን 95 ጫማ በምትረዝም የቅኝት ጀልባ ላይ ይመጣል። መርከበኛው ጥቂት ስለሆነ አዛዡ ሁሉንም ራሱ ይከታተላል፦ አቅጣጫውን፣ መሣሪያውን፣ ነዳጁን፣ የሚጠጣውን ውኃ ሳይቀር። ከምፅዋ ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ ያለው ዳህላክ ከ100 በላይ ደሴቶች አሉት፤ በመካከላቸው የኮራል ዓለት ተደብቋል። ፀሐይ ከፊት ለፊት ስትሆን ውኃው ያንጸባርቃል፤ ዓለቱ አይታይም። ፀሐይ ከኋላና ከአናት ስትሆን ግን ጥልቁ ሰማያዊ፣ ጥልቀት የሌለው ቡናማ ሆኖ ይለያል። ስለዚህ ብልህ አዛዥ በጠባብ መተላለፊያ የሚያልፍበትን ሰዓት ይመርጣል። በሞቃቶቹ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚግል የብረት ወለል ላይ ይህን መሥራት የወንድ ልጅ ሥራ ነበር።

የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅና የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በኅዳር 1974 ያለ ፍርድ ተገደሉ። በደርግ ዘመን 4 ሚሳይል የሚሸከሙ የሶቪየት «ኦሳ» ጀልባዎች መጡ።

በየካቲት 1990 ሻዕቢያ ምፅዋን ያዘ። እዚያ ስንት መርከብ እንደጠፋ ሁለቱ ወገኖች የሚናገሩት አይገጥምም፤ መርከበኞቹ በጀግንነት መዋጋታቸው ግን አያከራክርም። በ1991 የተረፉት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሌሎች ወደቦች ሸሹ። ባሕር ኃይሉ ያኔ አበቃ የሚሉ አሉ። ጅቡቲ የነበሩት መርከቦች በጨረታ እስከተሸጡበት እስከ 1996 ድረስ ቆይቷል ማለቱ ሳይሻል አይቀርም።

በ2018 መንግሥት ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ወሰነ፤ በ2019 ከፈረንሳይ ጋር የትብብር ስምምነት ተፈረመ።