ዩክሊድ፦ የማይታየውን ዩኒቨርስ የሚለካው ቴሌስኮፕ

ዩክሊድ ጥቁር ቁስ (ዳርክ ማተር) እና ጥቁር ኃይል (ዳርክ ኢነርጂ) የሚባሉትን ሁለት እንቆቅልሾች ለማጥናት የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ያመጠቀው ቴሌስኮፕ ነው። ስሙ ከጥንቱ የጂኦሜትሪ ሊቅ የተወሰደ ነው። በሩሲያ ሶዩዝ ሮኬት ሊሄድ ታስቦ ነበር፤ የዩክሬን ጦርነት ዕቅዱን አፈረሰውና እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2023 በፋልከን 9 ከፍሎሪዳ መጠቀ። አሁን ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ይሠራል።

ከዋክብቱ፣ ጋዙ፣ እኛም ጭምር፣ ተደምረን ከዩኒቨርስ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነን። 25 በመቶ ገደማው ጥቁር ቁስ ነው፤ ብርሃን አይሰጥም፣ አያግድም፣ በስበቱ ብቻ ይታወቃል። ቀሪው ጥቁር ኃይል ነው፤ ስሙ የተሰጠው የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ መሄዱ በ1998 ከታወቀ በኋላ ሲሆን፣ ምንነቱን እስካሁን የደረሰበት የለም።

ታዲያ የማይታይ ነገር እንዴት ይለካል? የሩቅ ጋላክሲ ብርሃን በጥቁር ቁስ አጠገብ ሲያልፍ በስበቱ ይታጠፋል፤ የጋላክሲው ቅርጽም በጥቂቱ ይጣመማል። አንድ ጋላክሲ ብቻ ቢታይ መጣመሙ ከተፈጥሮ ቅርጹ አይለይም። የብዙ ሚሊዮኖቹ አንድ ላይ ሲሰላ ግን ጥቁር ቁሱ የት እንደተከማቸ ካርታ ይወጣለታል። ዩክሊድ በስድስት ዓመት ውስጥ የሰማይን ሲሶ ቃኝቶ የ1.5 ቢሊዮን ጋላክሲዎችን ቅርጽ ሊለካ ነው የተላከው። ብርሃናቸው እስከ 10 ቢሊዮን ዓመት የተጓዘ ስለሆነ፣ ካርታው በየዘመኑ እንዴት እንደተለወጠ ማየት ይቻላል፤ ጥቁር ኃይል የቁስን መሰባሰብ ምን ያህል እንደገታም የሚታወቀው ከዚያ ነው።

እንዲህ ያለው ልኬት ትንሿን እንከን እንኳ አይችልም። ከምድር አብሮት የሄደ እርጥበት በመስተዋቶቹ ላይ በረዶ ሆኖ ተጋገረ። ውፍረቱ በናኖሜትር የሚቆጠር ቢሆንም ከከዋክብት የሚደርሰው ብርሃን መቀነሱ ታወቀ። መላውን መሣሪያ ማሞቅ አካሉን ሊያዛባው ስለሚችል፣ መሐንዲሶቹ በማርች 2024 አንዱን መስተዋት ብቻ ከ−147 ወደ −113 ዲግሪ ሴልሺየስ አሞቁት፤ ብርሃኑም ተመለሰ። ከመላው ተልእኮ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ ትዕግሥት ነው።

ፍሬውም መታየት ጀምሯል። ከ1884 ጀምሮ በምትታወቀው ኤንጂሲ 6505 ጋላክሲ ዙሪያ፣ ከኋላዋ ካለ ሌላ ጋላክሲ መጥቶ በእሷ ስበት በታጠፈ ብርሃን የተሠራ ሙሉ ቀለበት ተገኘ፤ ከዩክሊድ በፊት ያየው አልነበረም። በማርች 2025 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው የቅኝት መረጃ ደግሞ 26 ሚሊዮን ጋላክሲዎችን ይዟል፤ የተቃኘው ግን ከታቀደው ሰማይ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም።