ረቂቅ ሥዕል «የምን ሥዕል ነው?» ለምትሉ

ጥያቄው ደጋግሞ ስለተነሳ ላብራራ። ረቂቅ ወይም አብስትራክት ሥዕል የግድ የአንድ ነገር ምስል አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ተደብቆ የሚፈለግ ሰው ወይም ቤት የለም። ስሜቱን የሚሸከሙት ቀለሙ፣ መስመሩና የብሩሹ አሻራ ናቸው፤ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ሆድ እንደሚያባባው ማለት ነው።

የአሜሪካዊውን ረቂቅ ሠዓሊ የማርክ ሮትኮን ሥራዎች እንውሰድ። በትልልቅ ሸራ ላይ ስስ ቀለም በስስ ቀለም ደራርቦ የአራት ማዕዘኖቹን ጠርዝ ያደበዝዘዋል። ቀረብ ብሎ ለቆመ ሰው ቀለሙ ዙሪያውን ይከበዋል፣ ጠርዙም የሚንቀሳቀስ ይመስላል። በስልክ ሲታይ ግን ይህ አብዛኛው ይጠፋል፤ በፎቶ ብቻ አይታችሁ ባትፈርዱበት ደስ ይለኛል።

ቀለሙንና አቀማመጡን ሠዓሊው መርጦታል፣ ይህ አያከራክርም። የሚቀሰቅሰው ስሜት ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱን የሚያሞቀው ቀይ ሌላውን ሊያስጨንቅ ይችላል፣ ሁለቱም አልተሳሳቱም።